ሳሎን የገባችው ሲፒዩ

አጎትየው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ጥቁሯን ሣጥን ገልበጥ አድርገው አዩዋት። ስፋቷ አንድ ስንዝር፣ ውፍረቷ ሁለት ጣት። ከጎኗ ወንፊት የመሰለ የአየር መውጫ፣ ከኋላዋ የገመድ መሰኪያ። ሌላ ምንም የላትም።

“ሲፒዩዋ ይቺ ናት?”

“እሷ ናት ጋሼ።”

“የድሮው ሲፒዩ እኮ ፍየል ያክል ነበር።”

የእህታቸው ልጅ ሳቀች። “ሲፒዩ” ማለት ውስጥ ያለችው አንዲት ቺፕ እንጂ ሙሉው ሣጥን እንዳልሆነ ልትነግራቸው አልሞከረችም። አርባ ዓመት ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ለዕቃ ስም የሚያወጣው ገበያው እንጂ ፋብሪካው አይደለም ብለው ያምናሉ፤ ማንም ቢከራከራቸው አይለወጡም።

እሑድ ከሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ። ሣጥኗ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተወግዳ ገበያ የወጣች ዩዝድ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ናት። ልጅቷ አቧራዋን አራግፋ፣ ሊኑክስ ጭናባት፣ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ብቻ እንድታሳይ አድርጋ አመጣቻት። ቦታዋ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቡፌው ላይ፣ ከሪሲቨሩ ጎን ሊሆን ነው።

“ሪሲቨር እያለ ይቺ ምን ትሠራለች?” አሉ አጎትየው።

“ሪሲቨሩ የሰጠዎትን ነው የሚያዩት። ይቺ ግን ያስቀመጡባትን ነው የምታሳይዎት።”

“ያስቀመጥኩትንማ በፍላሽ አየዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ እሰካዋለሁ፣ ያልቃል።”

ክርክሩ ዋዛ አይደለም። የዛሬ ቴሌቪዥን ፍላሽ ያነባል፤ አብዛኛው ቤት የሚጠቀመውም እንደዚሁ ነው። ልጅቷ መልስ በመስጠት ፋንታ የአጎቷን ፍላሽ ተቀብላ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ከተደረደሩት ፋይሎች ሦስቱ “አይከፈትም” አሉ። አንዱ ሥዕሉ መጣ፣ ድምፁ ቀረ። ፍላሹ በድሮው ፋት 32 አቀማመጥ የተዘጋጀ ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይይዝም፤ ስለዚህ ረጅሙ ፊልም ለሁለት ተቆርጦ ነበር የተጫነው። ሁለተኛው ክፍል የለም።

“ወንጀለኛውን ሳላውቀው የቀረሁት ለዚህ ነው ለካ” አሉ አጎትየው።

ገመዱ ተሰካ፣ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ምልክት ብቅ አለ።

“ፕሮግራሙ የማን ነው?”

“የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ኮዲ ይባላል። መነሻው የማይክሮሶፍት የጨዋታ ማሽን ነው፣ ኤክስቦክስ። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 ሲወጣ ጎበዞቹ ከፍተው ሲያዩት ውስጡ ተራ ኮምፒውተር ነው፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር አለው፣ ሃርድ ዲስክ አለው። በ2002 ፊልም ማጫወቻ ይጽፉለት ጀመር። ኋላ ‘ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር’ ተባለ። በ2014 ስሙን ወደ ኮዲ ሲለውጡ የድሮው ኤክስቦክስ ላይ መሥራቱን ካቆመ ቆይቶ ነበር።”

“ማይክሮሶፍት ዝም ብሎ አየ?”

“የራሱንማ ሞክሯል። በዚያው በ2002 ‘ሚዲያ ሴንተር’ የሚባል ዊንዶውስ አወጣ፤ ሪሞት ያለው፣ ቴሌቪዥን የሚቀዳ። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲመጣ ጣለው።”

“ባለቤቱ የጣለውን የጎረቤት ልጆች አሳደጉት በይኛ።”

ሃያ ዓመት የፈጀውን ታሪክ በዚህ ልክ ያሳጠረው ሰው ያለ አይመስልም።

ኮዲ ዝርዝር ፋይል አይደለም የሚያሳየው፣ መደርደሪያ ነው። የፋይሉን ስም ያነብና ኢንተርኔት ላይ ካለ የፊልም መዝገብ ፖስተሩን፣ ዓመቱን፣ ተዋንያኑን አምጥቶ ይለጥፍለታል። አጎትየው በሪሞት ወደ ቀኝ እየገፉ ሄዱና አንዱ ላይ ድንገት ቆሙ።

“ይቺ ፈረንጅ የታቀፈችው ምንድን ነው? በግ?”

“ውይ! እሱ የያሬድ ዘለቀ ‘ላምብ’ ነው መሆን የነበረበት።”

“ታዲያ ይቺ ማን ናት?”

የ2021 የአይስላንድ ፊልም ናት፤ ስሟም “ላምብ”። ግማሹ በግ ግማሹ ሰው የሆነ ልጅ የሚያሳድጉ ባልና ሚስት ታሪክ። የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” ደግሞ ኤፍሬም የሚባል ልጅና ቹኒ የምትባል በጉ ታሪክ ነው፤ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ፕሮግራሙ ስሙን ብቻ አይቶ አዲሱን አመጣ። ልጅቷ የፋይሉ ስም ላይ “2015” ጨመረችና እንደገና አስፈለገችው። አሁን ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ጎልማሳና አንዲት ትንሽ ልጅ መጡ። በዚያው በ2015 ለፌስቲቫል የቀረበ ሌላ “ላምብ” ነው! ከዝርዝሩ ውስጥ በእጇ መርጣ ትክክለኛውን አስቀመጠች።

“አየሽ” አሉ አጎትየው፣ “ስም ብቻውን አይበቃም። የአባት ስም ያስፈልጋል።”

የመጀመሪያውን ፊልም የመረጡት ግን እሳቸው ናቸው፣ የድሮ ካውቦይ። ፈረሰኞቹ ሜዳውን እያቋረጡ ካሜራው አብሯቸው ሲዞር አጎትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

“ፈረሱ ያነክሳል።”

“ፈረሱ?”

“ፈረሱም፣ ዛፉም፣ ሜዳውም። አንዴ ይራመዳል፣ አንዴ ቆም ይላል።”

ልጅቷ ምንም አላየችም ነበር፤ ከተነገራት በኋላ ግን ሌላ ማየት አቃታት። ነገሩ እንዲህ ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ነው። ኮምፒውተሯ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የምትልከው። 24 ለ60 እኩል ስለማይደርስ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩን ሦስት ጊዜ እያሳየች ታቻችለዋለች። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም እርምጃ። ማነከስ ማለት ይኸው አይደል?

“እኛ ዘንድ እንዲህ አልነበረም” አሉ አጎትየው። “የእኛ ቴሌቪዥን ፓል ነው፣ 50። 24ቱን ገፋ አድርገው በ25 ይለቁታል፣ አለቀ። አያነክስም፤ ይቸኩላል። የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀድሞ ያልቃል። ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል።”

“እና ማንም አላወቀም?”

“የጆን ዌይንን ትክክለኛ ድምፅ ማን ሰምቶት!”

ማስተካከያው አንዲት መስመር ናት። ልጅቷ ከኮዲ ማስተካከያዎች ውስጥ የማጫወቻውን ገጽ ከፈተችና ስክሪኑ ፍጥነቱን ከፊልሙ ጋር እንዲያስማማ አዘዘች። ፊልሙን እንደገና አስነሳች። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

“መብራት ሄደ!” አሉ አጎትየው፣ ሻማ ወዳለበት መሳቢያ እያመሩ።

“አልሄደም ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ 24 እየተቀየረ ነው።” ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሥዕሉ ተመለሰ። ፈረሱ ድኗል።

ቀጥሎ የመጣው ሕመም የአጎትየው ሙያ ነበር። የሥዕሉ ጫፎች ተቆርጠዋል፤ ላይ ጥግ ያለው ሰዓት ግማሹ የለም። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ መፍትሔ ስትፈልግ አጎትየው የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንስተው የሥዕል መጠን ውስጥ ገቡና ሁሉንም እንዲያሳይ አደረጉት።

“ይሄ የእኛ ዘመን ቅሪት ነው” አሉ፣ ትንሽ ኩራት ባለው ድምፅ። “በድሮው ካቶድ ሬይ ቴሌቪዥን ኃይል ወረድ ሲል ሥዕሉ ይኮማተራል። ክፍሎቹ ሲያረጁም እንደዚያው። ዳር ዳሩ ጥቁር ሆኖ እንዳይታይ ሥዕሉን ከስክሪኑ አስፋፍተው ይለቁታል፣ ጫፉ ይደበቃል። ስክሪኑ ጠፍጣፋ ሆነና ምክንያቱ ጠፋ፤ ልማዱ ግን ቀረ።”

አንዳንዱ ነገር ደግሞ በሪሞትም በምንም አይድንም። አዲስ የ4ኬ ፊልም ሲከፈት ሥዕሉ ተንቀረፈፈ፣ ትንሿ ማራገቢያ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ጮኸች። ፊልሙ የታመቀው ኤችኢቪሲ በሚባለው መንገድ፣ ያውም በ10 ቢት ቀለም ነው። የዚችኛዋ ፕሮሰሰር የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ናት፤ 8 ቢቱን በራሱ ክፍል ትፈታዋለች፣ 10 ቢቱን ግን ሙሉ በሙሉ አትችለውም፣ በጉልበት ነው የምትሠራው። ሰባተኛው ትውልድ ይሄን ያለ ድካም ያደርገዋል።

“ሁለቱ በስንት ዓመት ይለያያሉ?”

“አንድ ዓመት ቢሆን ነው።”

“ከመግዛትሽ በፊት አታውቂም ነበር?”

“አውቅ ነበር” አለች ልጅቷ፣ “ግን ይቺኛዋ ረከሰችልኝ።” ዩዝድ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይቺን ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን ይላታል።

ድምፁ ብዙ አላስቸገረም። ፍንዳታው ሲያደነቁር ንግግሩ አይሰማም ነበር። ፊልሙ ለስድስት ስፒከር የተቀዳ ነው፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከመሐለኛው ስፒከር ሲሆን፣ ባለ ሁለት ስፒከር ቴሌቪዥን ደግሞ መሐለኛ የለውም። የመሐለኛውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለሁለቱ የሚያካፍል ማስተካከያ አለ። ልጅቷ ነካችው፣ ሰዎቹ መናገር ጀመሩ።

አማርኛው ግን ሌላ ነገር ነበር። ልጅቷ ለአክስቷ ብላ አንድ የዱር አራዊት ዘጋቢ ፊልም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አዘጋጅታለች፤ ሦስት ሌሊት የፈጀ ሥራ። የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ተራ ነገር ነው፦ ተራ ቁጥር፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ከሥሩ ጽሑፉ። አንበሳዋ ከሣሩ ስትወጣ ከሥሯ አሥራ ሁለት ባዶ አራት ማዕዘኖች ተሰለፉ።

“ይሄ የምን ቋንቋ ነው?” አሉ አጎትየው።

“አማርኛ ነው ጋሼ። ፊደሉን አላገኘውም።”

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቦታ አለው። ቁጥሩን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ፎንት ግን ማጫወቻው ጋ ከሌለ፣ ማጫወቻው “እዚህ ጋ ፊደል አለ፣ መልኩን አላውቀውም” ለማለት አራት ማዕዘን ይስላል። ልጅቷ ኖቶ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ኮዲ ፎንት በሚፈልግበት ማኅደር ውስጥ ገለበጠችና ከማስተካከያው መረጠችው። አራት ማዕዘኖቹ ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተለወጡ። አክስቷ፣ እትዬ፣ ከወጥ ቤት ተጠርተው መጡ፣ የሽሮ ማማሰያ እንደያዙ።

“እሰይ! ጎበዝ” አሉ፣ ሁለት መስመር አንብበው። “ግን ልጄ፣ ሽሮ እያማሰልኩ እንዴት ነው የማነበው? የቃናዎቹ እኮ ያወሩልኛል።”

ሦስቱም ሌሊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደቀ። ቃና ቴሌቪዥን እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እያሰማ ስንት ቤት እንደገባ የሚያውቅ ሰው በእትዬ አይፈርድም። ድራማ ለብዙ ቤት ሥራ እየተሠራ የሚሰማ ነገር ነው፤ ዓይን የሚላከው ሲያለቅሱና ሲጣሉ ብቻ ነው።

አጎትየው ይሄን ጊዜ መሳቢያውን ከፍተው ጣት የምታክል ጥቁር ነገር አወጡ። ልጃቸው ከቨርጂኒያ የላከላቸው፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የስትሪሚንግ ስቲክ ነው።

“ይሄም ፊልም ያሳያል። ፎንት አይፈልግ፣ ማራገቢያ የለው።”

“ለኔትፍሊክስ ከሆነ እሱ ይሻላል” አለች ልጅቷ።

አጎትየው እንዲህ በቀላሉ እጅ ትሰጣለች ብለው አልጠበቁም። “እንዴት?”

“እንዲህ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ኔትፍሊክስን በብራውዘር ሲከፍቱት ከ720 መስመር በላይ አይሰጥዎትም ሲባል ነው የኖረው። ኮምፒውተር የሚከፈት፣ የሚቀየር ነገር ስለሆነ ድርጅቶቹ አያምኑትም፤ ይቀዳብናል ብለው ይፈራሉ። ስቲኩ ግን የታሸገ ነው፣ ጥሩውን ሥዕል ለታሸገው ይሰጣሉ።”

“ስለዚህ ኮምፒውተርሽ ከጣት ታንሳለች።”

“በዚህ በኩል አዎ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ዲዝኒ ‘ዊሎው’ የሚባል ባለ ስምንት ክፍል ተከታታይ ሠራ። በኅዳር 2022 ለቀቀው። በግንቦት 2023 ከራሱ አገልግሎት ላይ አነሳው። ስድስት ወር! እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ባለቤቱ ውጡ ሲል ይወጣል።”

“በወር እየከፈሉ ነዋ። የገዛ ሰውስ?”

“የገዛም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የፕሌይስቴሽን ደንበኞች የገዟቸው የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች ከመደርደሪያቸው ሊነሱ ነው ተባሉ። ጩኸት ሆነ፣ ውሉ ታደሰና ተረፈላቸው። ግን ገዝተውታል እኮ ጋሼ! ከፍለዋል!”

አጎትየው ፍላሻቸውን እያገላበጡ ዝም አሉ። ከዚያ የሚያስቸግረውን ጥያቄ ጠየቁ፣ “አንቺስ? ይሄ ሁሉ የታጨቀው ከየት ነው?”

ልጅቷ ወዲያው አልመለሰችም። ከፊሉ የገዛቻቸው ዲስኮች ቅጂ ነው። ከፊሉ የቤተሰብ ነገር ነው። ከፊሉ ግን ልክ እንደ አጎትየው ፍላሽ “ፊልም እንጭናለን” የሚል ወረቀት ከለጠፈ ሱቅ የመጣ ነው፤ ያንን በጎን አታልፈውም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጂ መብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 410። ለግል መገልገያ ቅጂ ማንሳትን ከነገደቡ ይፈቅዳል፤ በፍላሽ እየጫኑ መሸጥን ግን አይፈቅድም። ሱቁን ሁሉም ሰፈር ያውቀዋል፣ አዋጁን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

“የአገር ውስጡን ከሱቅ መጫን አቁሜያለሁ” አለች በመጨረሻ።

“የፈረንጁንስ?”

“እሱን... እየቀነስኩ ነው።”

አጎትየው ሳቁ፤ አልፈረዱባትም። ፍላሹ በእጃቸው ነው።

የቀረው ሪሞት ነው። የእትዬ አቋም ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፣ ቡፌው ላይ ከአንድ ሪሞት በላይ ማየት አይፈልጉም፣ ኪቦርድ ደግሞ ጭራሽ። አንድ ጊዜ ኪቦርዱን ሶፋው ላይ አግኝተው ሳይናገሩ ወስደው ደብቀውታል። ልጅቷ ለዚህ ሲባል ከውጭ በሻንጣ ያስመጣቻትን የክብሪት ሣጥን የምታክል ማገናኛ በኮምፒውተሯና በቴሌቪዥኑ መሐል ሰካች።

“ኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ 19 እግር አለ” አለች። “አሥራ ሦስተኛዋ ለትእዛዝ ናት። በእሷ በኩል ቴሌቪዥኑ የሪሞቱን ትእዛዝ ለሌላው ዕቃ ያስተላልፋል። አብዛኛው ኮምፒውተር ግን ያቺን እግር አይጠቀምባትም፣ ለዚህ ነው ማገናኛ ያስፈለገው።”

አጎትየው ሊያምኑ አልቻሉም። ቴስተራቸውን አምጥተው የትርፍ ገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ እግሮቹን በመርፌ እየቆጠሩ አሥራ ሦስተኛዋን ነኩ። ቴስተሩ ጢጥ አለ። “አለች” አሉ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ይመስል።

ከዚያ በኋላ እትዬ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ኮዲን ከፈቱ፣ ወደ ታች ወረዱ፣ “ሰርግ” የሚለውን መረጡ። የታናሽ እህታቸው ሰርግ ነው፣ 1986 ዓ.ም.። ካሴቱን አጎትየው ከቁም ሣጥን አውጥተው፣ የዴካቸውን ሄድ በአልኮል ጠርገው፣ ልጅቷ ወደ ኮምፒውተር ስትቀዳው ሦስት ሰዓት አብረው ቁጭ ብለዋል። የካሴት ሥዕል ጎዶሎና ሙሉ መስመሮቹ በተራ የሚመጡ ስለሆነ ሰው በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ጫፉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆን ነበር፤ እሱንም ኮዲ ውስጥ አስተካክላዋለች። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ድምፁ ይንሾካሾካል። ማንም ግን ስለ ሥዕል ጥራት አላነሳም።

“ያ ማነው? ቀጭኑ?”

“አንተ ነህ እንጂ!” አሉ እትዬ። “ዝም በልና እይ፣ አሁን እማዬ ትመጣለች። እስክስታ ልትወርድ ነው።”

ክቡ ተከፈተ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት ሴትዮ ከጥግ ብቅ አሉ። ስክሪኑ ጠፋ።

“ወደ 24 እየሄደ ነው” አሉ አጎትየው፣ አሁን ገብቷቸው።

“አይደለም ጋሼ። መብራት ሄዷል።”

ሳሎኑ ጨለመ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ግን የሣጥኗ ነጭ መብራት እንደበራ ነው፤ ማራገቢያዋም ትሰማለች። ሃርድ ዲስኳ መብራት በሄደ ቁጥር እንዳይመታ ልጅቷ ዩፒኤስ አድርጋላታለች። ለቴሌቪዥኑ አላደረገችም።

“ታዲያ እሷ እየሠራች ነው?” አሉ እትዬ።

“እየሠራች ነው።”

“ሰርጉም?”

“ሰርጉም እየሄደ ነው እትዬ፣ ማሳያው ጠፍቶ ነው እንጂ።”

“እማዬ ልታልፈኝ ነው? አቁሚልኝ!”

ልጅቷ ሪሞቱን ተጫነች፤ ሪሞቱ የሚናገረው በቴሌቪዥኑ በኩል ነው፣ ቴሌቪዥኑም የለም። ስልኳን አወጣች፤ ስልኳ ሣጥኗን የምታገኛት በዋይፋዩ በኩል ነው፣ ዋይፋዩም ከመብራቱ ጋር ሄዷል።

“ኪቦርዱ የት ነው ያለው?”

እትዬ ትንሽ አሰቡ። አጎትየው ግን የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ወንበር ወደ ቁም ሣጥኑ እያስጠጉ ነበር።